እጅና ሕግ በፑል ጠረጴዛ ላይ፦ የመክፈቻ ምት ታሪክ

በፕሮፌሽናል ፑል ውስጥ እንደ መክፈቻው ምት፣ ተጫዋቾቹ ብሬክ እንደሚሉት፣ ተመልካችን የሚያሳስት ነገር የለም። ከውጭ ሲያዩት የጉልበት ሥራ ይመስላል። ተጫዋቹ ጎንበስ ብሎ ዱላውን ወደ ኋላ ይስባል፤ ነጯን ኳስ በሰዓት ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት በተደረደሩት ኳሶች ላይ ይለቃታል፤ ኳሶቹ ይበተናሉ፤ አንዱ ወይም ሁለቱ ቀዳዳ ይገባሉ፤ ጭብጨባ ይከተላል። ሙያ ተብሎ የሚደነቀው ከዚያ በኋላ የሚመጣው የተረጋጋና የተሰላ ጨዋታ ነው፤ የመጀመሪያው ምት ለክንድና ለዕድል የተተወ ይመስላል። የውድድር ሕጎች ታሪክ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። ፑል ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ካደረጋቸው ትልልቅ ለውጦች ብዙዎቹ የተወለዱት ከዚህ ምት ነው። ተጫዋቾች ብሬኩን በተካኑት ቁጥር ሕግ አውጪዎች የኳሱን አደራደር፣ የመምቻውን ቦታ ወይም የተራውን ሥርዓት ቀይረዋል፤ ሕጉ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ተጫዋቾች አዲስ መላ ፈልገዋል። ከዚህ ተነሥቼ የምከራከረው የብሬክ ችሎታ በጉልበት ሊለካ አይችልም ብዬ ነው፤ መለኪያው በየዘመኑ ሕግና ዕቃ ውስጥ ከምቱ በኋላ ጠረጴዛው ላይ የሚቀረው ነው። ሕግ አውጪዎቹም እጅን ተከትለው መሮጣቸው፣ ብዙዎች እንደሚሉት የድክመት ምልክት ሳይሆን ጨዋታውን በሕይወት ያቆየው ሥራ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ መመለስ ያስፈልጋል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1878 የመጀመሪያውን የአሜሪካ የፑል ሻምፒዮና ያሸነፈው ካናዳዊው ሲሪል ዲዮን ነበር። ጨዋታው የአሥራ አምስት ኳስ ፑል ይባላል። እያንዳንዱ ኳስ በላዩ የተጻፈውን ቁጥር ያህል ነጥብ ያስገኝ ነበር፤ የሁሉም ድምር 120 ስለሆነ 61 ነጥብ የሞላለት ዙሩን ይወስዳል። ችግሩ ወዲያው ታየ፤ ባለ ከፍተኛ ቁጥሮቹን አምስት ኳሶች ያስገባ ሰው አሥር ኳስ ያስገባውን ሊያሸንፍ ይችል ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ እያንዳንዱ ኳስ አንድ ነጥብ እንዲሆንና ቆጠራው ከዙር ወደ ዙር እንዲቀጥል ተደረገ። ይህ ለውጥ ፍትሕን ቢያመጣም የመክፈቻውን ምት ዕዳ አደረገው። ጠረጴዛው በጸዳ ቁጥር 15ቱም ኳሶች እንደገና ይደረደራሉ፤ ጥሩ ሲጫወት የቆየው ሰው ከተዘጋ ድርድር ጋር ይፋጠጣል። በኃይል ቢመታ ኳሶቹን ለተቃዋሚው በትኖ ሊሰጥ ይችላል፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ነካ አድርጎ መመለስ ይሻለዋል። የጨዋታው ፍሰት በየ15 ኳሱ ይቆረጥ ነበር ማለት ነው።

መፍትሔውን ያመጣው በዚሁ ጨዋታ ሻምፒዮን የነበረው ጀሮም ኪዮ ነው። በ1910 ገደማ ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነበር፤ 15ኛው ኳስ ቀዳዳ ሳይገባ ባለበት ይቆይ፣ የቀሩት 14ቱ የፊት ቦታው ባዶ ሆኖ ይደርደሩ፣ ተጫዋቹ የቀረውን ኳስ እያስገባ በዚያው ምት ነጯን ኳስ ወደ ድርድሩ ይላክ። ጨዋታው 14.1 የሚለውን ስሙን ያገኘው ከዚህ አደራደር ነው፤ በ1912 የሻምፒዮና ጨዋታ ሆነ፤ ከዚያም ለአያሌ አሥርት ዓመታት የታላላቆቹ መለኪያ ሆኖ ኖረ። ራልፍ ግሪንሊፍና ዊሊ ሞስኮኒ ስማቸውን የተከሉት በእሱ ነው። ሞስኮኒ በ1954 በኦሃዮዋ ስፕሪንግፊልድ ከተማ አንድም ሳይስት 526 ኳሶች በተከታታይ አስገብቷል። ይህን ቁጥር በ14 ብናካፍለው ሰውየው ከ35 ጊዜ በላይ ድርድር ከፍቶ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ የሚቀጥለውን ምት አግኝቷል ማለት ነው። በዚህ ጨዋታ የሚደነቀው ብሬክ ኃይለኛው አልነበረም፤ ጥቂት ኳሶችን አላቅቆ ነጯን ክፍት ቦታ ላይ የሚያሳርፈው ነበር። የዙሩ የመጀመሪያ ምት ደግሞ ከዚህም የባሰ ቁጥብነት ይጠይቅ ነበር፤ ነጯና ሌሎች ሁለት ኳሶች የጎማውን ጠርዝ ካልነኩ ሁለት ነጥብ ይቀነሳል፤ ኳሶቹ በሰፊው ከተበተኑ ደግሞ ተቃዋሚው ይበላቸዋል። ስለዚህ ማን እንደሚጀምር የመምረጥ መብት ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ መክፈቻውን ለባላጋራው ይተው ነበር። ዛሬ ሁሉም የሚሻማበት ምት ያኔ ሁሉም የሚሸሸው ነበር።

ይህን የገለበጠው ናይን ቦል ነው። ጨዋታው ያደገው በአሜሪካ የፑል ቤቶች፣ በገንዘብ በሚጫወቱ ሰዎች መካከል ነው። ለውርርድ የሚመች ነው፤ ዙሩ አጭር ነው፤ ሕጉም ጥቂት ነው፤ ሁልጊዜ በጠረጴዛው ላይ ያለውን ትንሹን ቁጥር ቀድሞ መንካት፣ በመጨረሻ ዘጠኝን ማስገባት። ዘጠኝ በመክፈቻው ምት ከገባ ዙሩ እዚያው ያልቃል። በ1961 ጆርጅና ፖሊ ጃንስኮ የተባሉ ወንድማማቾች በኢሊኖይ ግዛት በምትገኘው ጆንስተን ሲቲ የጀመሩት ዓመታዊ ውድድር፣ በስውር ይጫወቱ የነበሩ የገንዘብ ተጫዋቾችን ወደ አደባባይ አወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ናይን ቦል የውድድሩ አካል ሆነ፤ የቴሌቪዥን ካሜራም ተከተለ። የለውጡን መጠን ሁለት ፊልሞች በደንብ ያሳያሉ። ፖል ኒውማን በ1961 «ዘ ኸስለር» ውስጥ የተጫወተው ገጸ ባሕርይ የሚፋለመው በስትሬት ፑል፣ ማለትም በ14.1 ነው፤ ያው ገጸ ባሕርይ በ1986 «ዘ ከለር ኦፍ መኒ» ላይ ሲመለስ ዓለሙ የናይን ቦል ሆኗል። በእነዚህ 25 ዓመታት ውስጥ ብሬኩ ከሚፈራ ምት ወደ ሽልማትነት ተሸጋገረ፤ ኳስ ያስገባ ይቀጥላል፤ የቀጠለም ዘጠኝ ኳስ ብቻ ባለበት ጠረጴዛ ላይ ተቃዋሚውን ሳያስነሣ ሊጨርስ ይችላል።

ሽልማቱን ይበልጥ ያከበደው ብዙም የማይወራለት ሌላ የሕግ ለውጥ ነው። በድሮው የናይን ቦል ደንብ፣ ትክክለኛው ኳስ የተደበቀበት ተጫዋች ነጯን ወደሚመቸው ቦታ ገፍቶ ተራውን ማለፍ ይችል ነበር፤ ከባዱ ቅጣትም የሚመጣው ጥፋት ሲደጋገም ነው። ከዚያ ቴክሳስ ኤክስፕረስ በሚል ስም የሚታወቀው ፈጣኑ ደንብ ገነነ። በዚህ ደንብ አንድ ጥፋት ብቻ ተቃዋሚው ነጯን በእጁ አንሥቶ በፈለገበት እንዲያስቀምጥ ያደርጋል፤ ያ የመግፋት መብትም ከብሬኩ ቀጥሎ ላለው አንድ ምት ብቻ ተወሰነ። ይህ ትንሽ ቅሪት ብዙ ይናገራል። ሕግ አውጪዎቹ ሌላውን ይቅርታ ሁሉ አንሥተው ከመክፈቻው ምት በኋላ ያለውን ብቻ ያስቀሩት፣ በዚያ ቅጽበት የሚመጣ መጥፎ አቀማመጥ የተጫዋቹ ጥፋት ላይሆን እንደሚችል ስላመኑ ነው። በሌላ በኩል በቀረው ጨዋታ ውስጥ ስሕተት ውድ ሲሆን የመጀመሪያው ምት ዋጋም አብሮ ናረ። በ1996 በዳላስ ኧርል ስትሪክላንድ አሥር ዙሮችን በተከታታይ ጠርጎ ለአንድ ሚሊዮን ዶላር የተመደበውን ሽልማት ማሸነፉ፣ ያሸነፈ ደግሞ ይከፍታል የሚለው ሥርዓት ምን ድረስ ሊወስድ እንደሚችል አሳየ። ሽልማቱን የዋስትና ኩባንያ ሸፍኖት ስለነበር ጉዳዩ ወደ ክርክር አመራ፤ አሥር ዙር በተከታታይ ይጠረጋል ብሎ አስቀድሞ ያሰበ አልነበረም ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ በናይን ቦል አስተያየቱ ጉልበት ይበልጣል የሚል ነበር። ምክንያት ነበረው፤ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ባለ ሦስት ማዕዘን ማቀፊያ የሚደረደሩ ኳሶች ሁልጊዜ በትክክል አይነካኩም። ጨርቁ ላይ ኳስ ደጋግሞ ያረፈበት ቦታ ይጎደጉዳል፤ ኳሱም ከጎረቤቱ የወረቀት ውፍረት ያህል ይርቃል። እንዲህ ያለ ድርድር ሲመታ ኳሶቹ የሚሄዱበት አቅጣጫ አይታወቅም፤ ስለዚህ የሚበጀው ኳሶቹ ረጅም መንገድ እንዲሮጡ በኃይል መምታትና አንዱ ቀዳዳ እንዲያገኝ መጠበቅ ነው። ኳሶቹ በሙሉ ተጣብቀው ከተደረደሩ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። የናይን ቦል ድርድር የአልማዝ ቅርጽ አለው፤ ከፊት አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ መሃሉ ላይ ዘጠኝን ይዞ ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከኋላ አንድ። የሦስቱ ረድፍ ሁለት ጫፎች የክንፍ ኳሶች ናቸው። ሁለት የሚነካኩ ኳሶች ኃይል የሚያስተላልፉት በመሃላቸው በሚያልፈው መስመር ነው፤ ስለዚህ የክንፍ ኳሱ የሚሄድበትን አቅጣጫ ከጉልበቱ ይልቅ አቀማመጡ ይወስነዋል። ቁጥር አንድ ኳስ በተለመደው ነጥብ ላይ ከሆነና ድርድሩ ከተጣበቀ፣ የክንፍ ኳሱ መንገድ ወደ ታችኛው የማዕዘን ቀዳዳ ያመራል። በኃይል ቢመታም በርጋታ ቢመታም መንገዱ ያው ነው። ይህን የተረዳ ተጫዋች ጉልበቱን ሊቆጥብና ትኩረቱን ነጯን መሃል ላይ በማቆምና ቁጥር አንድን ምቹ ቦታ ላይ በመተው ላይ ሊያደርግ ይችላል።

ይህን ዕውቀት በአደባባይ ያስመሰከረው አሜሪካዊው ኮሪ ዱዌል ነው። በ2001 የዩኤስ ኦፕን ናይን ቦል ሻምፒዮና ፍጻሜ፣ በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን ፊንላንዳዊ ሚካ ኢሞነንን 11 ለ 0 አሸነፈ። የተጠቀመበት ብሬክ ለስላሳ ነበር፤ ተመልካች የለመደው ፍንዳታ አልነበረውም። የክንፍ ኳሱ ይገባል፤ የቀሩት ኳሶች ብዙም አይራራቁም፤ ቁጥር አንድ ይታያል። ውጤቱ ብቻውን ብዙ አያረጋግጥም ሊባል ይችላል፤ በአንድ ምሽት ማንም ሊሸነፍ ይችላልና። ማስረጃው ከውጤቱ ይልቅ የተከተለው የሕግ ምላሽ ነው። መደበኛው ደንብ ከዚያ በፊትም፣ ኳስ ካልገባ ቢያንስ አራት ባለቁጥር ኳሶች ጠርዝ እንዲነኩ ያዝዝ ነበር፤ ይህ ግን ኳስ በርጋታ የሚያስገባን ሰው አይገታም። ስለዚህ በብዙ ውድድሮች ሌላ ቅድመ ሁኔታ መጣ፤ ከብሬኩ በኋላ ቢያንስ ሦስት ኳሶች ወይ ቀዳዳ መግባት ወይ ወደ መክፈቻው ወገን ያለውን መስመር ማለፍ አለባቸው። በዕድል ላይ የተመሠረተ ምት ይህን ያህል ሕግ አያስወጣም። ሕጉ የወጣው አንድ ሰው ድርድሩን እንደ መጽሐፍ ማንበብ ስለቻለና ሌሎችም ማንበብ ስለጀመሩ ነው።

የዕቃው ታሪክም ከዚህ ጋር የተሳሰረ ነው። በናይን ቦል ውድድሮች ውስጥ ከጨዋታው ይልቅ ጭቅጭቅ የሚያስነሣው ድርድሩ ነበር። ተጫዋቾች ለየራሳቸው ሲደረድሩ አንዱ ሌላውን ክፍተት ፈጥረሃል ይለዋል፤ ተቃዋሚ ሲደረድር ደግሞ የላላ ድርድር ሰጠኸኝ ይባላል፤ ኳሶቹን ጎንበስ ብሎ መመርመርና እንደገና እንዲደረደሩ መጠየቅ የጨዋታውን ሰዓት ይበላ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በብዙ ውድድሮች የታየው ሳርዶ ታይት ራክ የተባለው መሣሪያ ኳሶቹን ከላይ ተጭኖ በማጣበቅ ይህን ሊፈታ መጣ። ቀጥሎ የመጡት ስስ የፕላስቲክ ንጣፎች ደግሞ ሥራውን አቀለሉት፤ ኳሶቹ በተበሱት ቦታዎች ላይ ሲቀመጡ በራሳቸው ይጣበቃሉ፤ ከብሬኩ በኋላም ንጣፉ ይነሣል። ክሱ ቀነሰ፤ መተማመን ጨመረ። ነገር ግን ፍትሕን ያመጣው ዕቃ ትንበያንም አብሮ አመጣ። ድርድሩ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ዓይነት ሲሆን የክንፍ ኳሱም በእያንዳንዱ ዙር አንድ መንገድ ይሄዳል። ከጥርጣሬ የጸዳው ጠረጴዛ ለተካነ እጅ ክፍት በር ሆነ። ወደ ድሮው የእንጨት ማቀፊያ እንመለስ የሚሉ ሰዎች ክርክር የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ያ ማቀፊያ ብሬኩን አስቸጋሪ ያደርገዋል፤ ግን የሚያስቸግረው ለሁሉም እኩል አይደለም፤ የድርድሩ ጥራት በደርዳሪው እጅና ሐቀኝነት ላይ ይንጠለጠላል። የተጫዋቹን ችሎታ በአደራደር ጉድለት መገደብ ችግሩን ወደ ሌላ ሰው እጅ ማዛወር ብቻ ነው።

ስለዚህ አዘጋጆቹ መንገዱን ከዕቃው ወደ ቦታው አዞሩ። አንዱ ዘዴ ድርድሩን ወደፊት ማምጣት ነው፤ ቁጥር አንድ በሚቀመጥበት ነጥብ ላይ ዘጠኝን ማስቀመጥ። የኳሱ ስፋት 57 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ሁለት ረድፍ መሻገር ድርድሩን ወደ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሰዋል። 254 በ127 ሴንቲ ሜትር በሆነ የመጫወቻ ሜዳ ላይ ይህ ትንሽ ይመስላል፤ የክንፍ ኳሱን ግን ከማዕዘኑ ቀዳዳ ለማሳት ይበቃል። ሌላው ዘዴ የመምቻ ሳጥን ነው፤ ነጯ ኳስ ከጠረጴዛው መሃል አካባቢ ከተወሰነ ቦታ ብቻ እንድትመታ ማስገደድ፣ ከጎን ጠርዝ ተጠግቶ በማዕዘን መምታትን ለማስቀረት። በአውሮፓ ውድድሮች፣ በአሜሪካና በአውሮፓ መካከል ከ1994 ጀምሮ በሚካሄደው የሞስኮኒ ዋንጫና በማችሩም ኩባንያ በሚዘጋጁ ትልልቅ ሻምፒዮናዎች እነዚህ ዘዴዎች ታይተዋል። ሦስተኛው ምላሽ ጨዋታውን ራሱን መለወጥ ነበር። አሥር ኳሶች በሦስት ማዕዘን የሚደረደሩበትና ምት አስቀድሞ የሚነገርበት ቴን ቦል በ2008 የራሱን የዓለም ሻምፒዮና በማኒላ አገኘ፤ እንግሊዛዊው ዳረን አፕልተን አሸነፈ። በዚያ ጨዋታ አሥር ቁጥር በብሬክ ቢገባ ዙሩ አያልቅም፤ ተመልሶ ይቀመጣል። ከናይን ቦል ዕድል ተነሥቶ የተሰጠ ግልጽ መልስ ነው።

ተጫዋቾቹስ ምን አደረጉ? ተከተሉ፤ ከዚያም ቀደሙ። ዘጠኝ ወደፊት ሲመጣ የክንፍ ኳሱ መንገድ ቢዘጋም ሌላ መንገድ ተከፈተ፤ ቁጥር አንድን ከመሃሉ ትንሽ ወደ ጎን በመቁረጥ ወደ መሃለኛው ቀዳዳ መላክ። ይህ ምት ፍጥነት ብቻውን የማይረዳበት ነው፤ ነጯ ከአንድ ጋር የምትገናኝበት ቦታ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ ኳሱ ቀዳዳውን ይስታል፤ ነጯም ወደማይፈለግ ቦታ ትሸሻለች። የደቡብ ዳኮታው ሼን ቫን ቦኒንግ ለዚህ ዘመን ምሳሌ የሚሆን ተጫዋች ነው። በመጀመሪያ የታወቀው በብሬኩ ኃይል ነበር፤ የዩኤስ ኦፕንን ዋንጫ በ2007 አንሥቶ ከ2012 እስከ 2014 በተከታታይ፣ ከዚያም በ2016 አሸነፈ፤ በ2022 ደግሞ በእንግሊዟ ሚልተን ኪንስ ኦስትሪያዊውን አልቢን ኦውሻንን 13 ለ 6 ረትቶ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በእነዚህ 15 ዓመታት ውስጥ የድርድር ዕቃውም፣ የኳሶቹ ቦታም፣ የመምቻው ስፍራም ደጋግመው ተለዋውጠዋል። ጉልበት ብቻ የነበረው ሰው በአንዱ ለውጥ ላይ ይቀር ነበር። ሰውየውን ከለውጥ ወደ ለውጥ ያሻገረው ጠረጴዛውን አጥንቶ ብሬኩን እንደ አዲስ መሥራቱ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ ከላይ ከተጠቀሱት ሁሉ በኋላ እንኳ ብሬክ በዋናነት ዕድል ነው የሚለው ነው። ዘጠኝ ኳሶች ሲጋጩ ማንም ሁሉንም ሊያሰላ አይችልም፤ የተሻለው ተጫዋች ምቱን አሳምሮ ባዶ ሊወጣ፣ ደካማው ደግሞ በስሕተት ዘጠኝን ሊያስገባ ይችላል። እውነት ነው። ሕግ አውጪዎቹም አምነውበታል፤ ከብሬክ በኋላ የመግፋት መብት የተረፈው፣ በቴን ቦል ውስጥ አሥር ቁጥር ተመልሶ የሚቀመጠው፣ በአንዳንድ የናይን ቦል ውድድሮችም በታችኛው ማዕዘን በብሬክ የገባ ዘጠኝ የማይቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ዕድል መኖሩ ችሎታ አለመኖሩን አያሳይም። በብሬክ ውስጥ ተጫዋቹ የሚቆጣጠራቸው ነገሮች ተለይተው ይታወቃሉ፤ ነጯ የምትቆምበት ቦታ፣ ቁጥር አንድ የሚያርፍበት አካባቢ፣ ወደ ቀዳዳ የሚያመራው አንድ ወይም ሁለት ኳስ። የቀረው ለአጋጣሚ ይተዋል። ጎበዝ ከፋችን ከሌላው የሚለየው የአጋጣሚውን ድርሻ ማሳነሱ ነው። ሙሉ በሙሉ ዕድል ቢሆን ኖሮ የሕግ ለውጡ ሁሉ የሚያነጣጥረው ግራ የገባውን ተጫዋች ለመርዳት በሆነ ነበር፤ ታሪኩ የሚያሳየው ግን ሕጉ ሁልጊዜ የሚያሳድደው መልሱን ያገኘውን ሰው መሆኑን ነው።

ከዚህ ሁለተኛውና ጠንካራው ተቃውሞ ይወለዳል። መልሱን ያገኘው ሰው ለምን ይቀጣል? በቴኒስ ኃይለኛ ሰርቪስ ያለው ሰው ይወደሳል እንጂ መረቡ ከፍ አይደረግበትም። ዱዌል ለስላሳውን ብሬክ በሥራው አገኘው፤ ሌሎችም መማር ይችሉ ነበር፤ ሕግ ለውጦ ዕውቀቱን ዋጋ ማሳጣት ፍትሕ ነውን? ጥያቄው ከባድ ነው፤ መልሱ ያለው ግን በሁለቱ ጨዋታዎች ልዩነት ውስጥ ነው። በቴኒስ ሰርቪስ የተቀበለ ሰው ኳሱን የመመለስ ዕድል አለው፤ ሰርቪሱም በየጌሙ ይፈራረቃል። በፑል ግን ኳስ ያስገባ ሰው መጫወቱን ይቀጥላል፤ ያሸነፈ ይከፍታል የሚለው ሥርዓት ሲጨመርበት ተቀማጩ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሊሸነፍ ይችላል። ያ ሲሆን የሚጎዳው ተሸናፊው ብቻ አይደለም። የመከላከያ ምት፣ የተደበቀ ኳስን በጠርዝ አዙሮ የማግኘት ጥበብ፣ አስቸጋሪ አቀማመጥን የመፍታት ብልሃት ሁሉ የሚታዩበት ዕድል ያጣሉ። ሕጉ ሲለወጥ የሚሻረው አንድ መልስ እንጂ መልስ የማግኘት ችሎታ አይደለም፤ ያ ችሎታ ያለው ሰው አዲሱንም ጥያቄ ቀድሞ እንደሚፈታው ቫን ቦኒንግና ጓደኞቹ አሳይተዋል። ስለዚህ ለውጡ ፈጣሪውን ከመቅጣት ይልቅ ፈጠራው ወደ ልማድነት ወርዶ ጨዋታውን እንዳይበላ ይከላከላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ቀለል ያለ መድኃኒት አለ ይላል፤ ብሬኩን ማፈራረቅ። አንዱ አንድ ዙር፣ ሌላው ቀጣዩን ቢከፍት ሁለቱም እኩል ዕድል ያገኛሉ፤ ድርድሩን ማንቀሳቀስ አያስፈልግም። በብዙ ውድድሮች ተሠርቶበታልና ሐሳቡ ባዶ አይደለም። ግን ማፈራረቅ የሚያስተካክለው በሁለት ተጫዋቾች መካከል ያለውን ሚዛን ነው እንጂ በብሬኩና በቀረው ጨዋታ መካከል ያለውን አይደለም። ሁለት ሰዎች የተጻፈ የሚመስል ብሬክ እየደጋገሙ በየተራ ቢጠርጉ ውጤቱ እኩል ይሆናል፤ ጨዋታው ግን ይደርቃል፤ ወደ ኋላ የቀረም ተከታታይ ዙሮች ጠርጎ የሚመለስበት መንገድ ይጠባል። ሌላው መድኃኒት የጨዋታውን ርዝመት መጨመር ነው። በ1996 በሆንግ ኮንግ ፊሊፒናዊው ኤፍረን ሬዬስ ስትሪክላንድን 120 ለ 117 ያሸነፈበት ግጥሚያ ለቀናት የተካሄደ ነበር፤ በዚያ ርዝመት ውስጥ የአንድ ብሬክ ዕድል ይሟሟል። ሬዬስ የሚታወሰውም ከብሬኩ በበለጠ ከአስቸጋሪ አቀማመጥ በመውጣት ጥበቡ መሆኑ ይህን ያጠናክራል፤ በ1999 በካርዲፍ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውም በዚያው ጥበብ ነው። ነገር ግን የቴሌቪዥን ሰዓትና የውድድር መርሐ ግብር እስከ 120 የሚደርስ ግጥሚያ አይችሉም። እስከ 11 ወይም እስከ 13 በሚደረግ ጨዋታ ብሬኩን የሚገራው ሕጉ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው ስለ ፍርድ ነው። የተለያየ ዘመን ከፋቾችን በምታቸው ፍጥነት ወይም ባስገቧቸው ኳሶች ቁጥር ማወዳደር ብዙ አያስኬድም፤ ሞስኮኒ የከፈተው 14 ኳስ፣ ስትሪክላንድ የከፈተው በእጅ የተደረደረ ዘጠኝ፣ ዱዌል ያነበበው የክንፍ ኳስና ቫን ቦኒንግ የቆረጠው ቁጥር አንድ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ሊወዳደር የሚችለው እያንዳንዱ ከተሰጠው ጥያቄ ምን ያህሉን ከአጋጣሚ አውጥቶ በራሱ እጅ እንዳስገባ ነው። በዚህ መለኪያ ሞስኮኒ ያለማቋረጥ የከፈታቸው ከ35 በላይ ድርድሮች ከማንኛውም ነጎድጓዳማ ምት ያላነሱ ናቸው። ሁለተኛው ስለ ሕግ ነው። ፍጹም ድርድር፣ ቋሚ ነጥብና የመጨረሻ ደንብ የሚመኙ ሰዎች የሚመኙት ጨዋታ ኪዮ 15ኛው ኳስ ባለበት ይቆይ ባይል ኖሮ ገና በ1910 አካባቢ ሊሞት ይችል ነበር። የብሬክ ሕግ የተሳካ ነው የሚባለው ለዘላለም ሲጸና አይደለም፤ ለከፋቹ ጥቅም፣ ለተቀማጩም ተስፋ ሲያስቀር ነው። ያ ሚዛን በተጫዋቾች ትጋት ይዛባል፤ ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዘጠኝ እንደገና ቦታ ቢለውጥ ወይም ሳጥኑ ቢጠብ አዘጋጆቹን በወላዋይነት ከመክሰስ በፊት የትኛው ተጫዋች ምን እንዳገኘ መጠየቅ ይበጃል።